ከግቢ የወጣ ጠረጴዛ

አዲስ አበባ ውስጥ ዘሩ የማይታወቅ ሰው ሞልቷል፤ ዘሩ የማይታወቅ ባለቅርጽ ጠረጴዛ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እግሩ ላይ ቅጠል የተፈለፈለበት፣ ጠርዙን የወይን ዘለላ የሚዞረው፣ ጠቆር ያለና ለማንሳት ሁለት ጎረምሳ የሚፈልግ ጠረጴዛ ሳሎኑ ያስቀመጠ ሁሉ፣ ገና ቡናው ሳይቆላ «ይሄ እኮ ከግቢ የወጣ ነው» ይላችኋል። ከየትኛው ግቢ፣ በማን እጅ፣ በምን ምክንያት ወጣ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ከግቢ ነው፣ በቃ። ምኒልክ ክርናቸውን አሳርፈውበታል፤ ጣይቱ አንድ ቀን ተቆጥተው በጡጫ መተውታል፤ ያቺ ጥግ ላይ ያለችው ጭረትም የዚያን ዕለት የተፈጠረች ናት።

እስከ ዛሬ «ከግቢ ወጣ» የተባልኩትን ጠረጴዛ በሙሉ ብትሰበስቡት፣ ከፍል ውሃ እስከ እንጦጦ ያለው መሬት በጠረጴዛ ብቻ ይሸፈን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከመኝታ ቤታቸው ወደ አዳራሽ የሚሄዱት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተሸጋገሩ መሆን አለበት። ከግቢ ያልወጣው ደግሞ «ጣልያን ጥሎት የሄደው» ነው። አምስት ዓመት ሙሉ አርበኛ መድረሻ ሲያሳጣው የኖረ ጦር፣ መቼ ፋታ አግኝቶ ይህን ሁሉ የምግብ ጠረጴዛ እንደዘረጋ የሚነግረን የለም። ሦስተኛው ወገን «አምባሳደሩ ሲሄዱ ለአባባ የሰጧቸው» ነው። የየት አገር አምባሳደር? «የውጭ አገር።»

እኔን የሚያስቀኝ ሒሳቡ ነው። ከእኛ ከፍ ብሎ ያሉት እትዬ በዕድሜያቸው ላይ ምንም ዓይነት ጭማሪ አይቀበሉም፤ እንዲያውም በየፋሲካው አንድ ሁለት ዓመት ይቀነስላቸዋል። ጠረጴዛቸው ግን መጀመሪያ ሳውቀው የጃንሆይ ዘመን ነበር፤ ልጃቸው ስታገባ የዘውዲቱ ሆነ፤ የልጅ ልጅ ክርስትና ላይ የምኒልክ ሆኖ አገኘሁት። በዚህ አያያዛቸው ጠረጴዛው ፋሲል ግንብ ይደርሳል፣ እሳቸውም ለልጃቸው ታናሽ ይሆናሉ።

ታች ቤት ያሉት ጋሼ ደግሞ የታሪክ ሰው ናቸው። «አያቴ ለአድዋ ድል ግብር ብለው ከጅቡቲ በባቡር ያስመጡት ነው» ይላሉ፣ ሳንቃውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ። አድዋ 1888 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው፤ ድሉ ከተገኘ ከ21 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይህንኑ በትሕትና ነገርኳቸው። ጋሼ ጥቂት አሰብ አደረጉና፣ «ታዲያ ምን ይገርማል? ዕቃ እኮ ድሮም ወደብ ላይ ይዘገያል!» አሉኝ።

ባቡሩ ከመግባቱ በፊት ከባድ ዕቃ ወደ ሸዋ የሚወጣው በግመልና በበቅሎ ነበር። የአሥራ ሁለት ሰው ጠረጴዛ ከነሙሉ ክብሩ ተጭና አቀበት የምትወጣ በቅሎ ደግሞ እንኳን በዚያ ዘመን በተረትም አልሰማንም። ወይ ተፈትቶ፣ እግሩ ለብቻ ሳንቃው ለብቻ ታስሮ መጥቷል፤ ወይ እዚሁ ተሠርቷል። በምኒልክ ጊዜ ከህንድ የመጡ አናጺዎችና ግንበኞች አዲስ አበባ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ በአሮጌዎቹ የአራዳ ቤቶች የእንጨት በረንዳ ላይ እጃቸው ይታያል። ዋንዛውም፣ ዝግባውም፣ ወይራውም እዚሁ ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ ጠረጴዛ እውነትም የዚያ ዘመን ሊሆን ይችላል፤ ብቻ የተሠራው እዚሁ አራዳ ነው። ይህን ለባለቤቱ ስትነግሩት፣ ልጅህ ውጭ አገር ነው ሲባል ኖሮ ደብረ ዘይት ተገኘ እንደተባለ አባት ፊቱ ይለወጣል።

የአንበሳውን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ጠረጴዛው የአንበሳ እግር ካለው ክርክር አበቃ፤ የይሁዳ አንበሳ ነው፣ የዘውድ ዕቃ ነው፣ እንዲያውም በዝምታ ነው የሚታለፈው። ግን የቤት ዕቃን የአንበሳ እግር ማልበስ ከጥንት ግብፆች ጀምሮ ያለ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 የቱታንካሙን መቃብር ሲከፈት አልጋው ሳይቀር በአንበሳ እግር ቆሞ ተገኝቷል። ግሪክና ሮማ ወሰዱት፤ በናፖሊዮን ጊዜ ፈረንሳዮች እንደገና አነሱት፤ በ1900 ግድም ደግሞ አሜሪካኖች መሐሉ ላይ በአንድ ወፍራም ምሰሶ የሚቆመውን ክብ የኦክ ጠረጴዛቸውን የአንበሳ ጫማ አጠለቁለት። ያ አንበሳ በካታሎግ ተመርጦ፣ በባቡር ተጭኖ ገበሬው ቤት ድረስ የሚሄድ ነበር። የቺካጎ ዙሪያ ገበሬ እራቱን በልቶ ሲነሳ «ዘውድ ይገባኛል» ያለበት ጊዜ ስለመኖሩ አልተሰማም።

ግብፆቹ ታዲያ አንድ ነገር ያውቁ ነበር። እነሱ የሠሩት ወንበር አራቱም እግሩ ወደ ፊት ነው የሚያየው፤ የፊተኞቹ የአንበሳ የፊት እግር፣ የኋለኞቹ የኋላ እግር ሆነው ተቀርጸዋል። ተነስቶ ቢሄድ የት እንደሚሄድ ያውቃል። የ1900ው ጠረጴዛ ግን አራቱን መዳፍ በአራት አቅጣጫ ዘርግቶ ነው የቆመው፤ አንዱ ወደ ቡፌው፣ አንዱ ወደ ማድቤቱ፣ አንዱ ወደ ደጅ፣ አንዱ ወደ ቴሌቪዥኑ። መቶ ዓመት ሙሉ ከቦታው ንቅንቅ ያላለው ከብዶ ሳይሆን ስላልተስማማ ነው።

ኳስ የጨበጠ ጥፍርም አለ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከቻይና እንደመጣ ነው፤ ዕንቁ የያዘ የዘንዶ ጥፍር። እንግሊዞች በ18ኛው መቶ ዘመን አበዱለት፣ በ20ኛው መጀመሪያ ደግሞ እንደገና ፋሽን ሆነ። የጠራቢው ጉብዝና የሚለየው በጥፍሩና በኳሱ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ጎበዙ ጠልቆ ይፈለፍለዋል፤ ትንሽ ጣት ይገባል። ሰነፉ ከላይ ከላይ ቧጥጦ ይተወዋል። የአንዷ ጎረቤቴ ጠረጴዛ ያለ ጥርጥር የጎበዝ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ለገና ቤት ስናጸዳ ከአንዱ ጥፍር ብቻ ቆሎ፣ የደረቀ ማስቲካ፣ ስሙኒና ስንት ዘመን የተፈለገች የወርቅ የጆሮ ጌጥ ወጣች። በዚያች ጌጥ ሰበብ ስንት ሠራተኛ ተጠርጥራ ወጥታለች፤ ጥፍሩ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተጠየቀም።

እንግዲህ የቅርጹ ውበት ለባለቤቱ፣ አቧራው ደግሞ ለሚወለውለው ነው። በዚያው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አዶልፍ ሎስ የሚባል ኦስትሪያዊ አርክቴክት ጌጥን ከወንጀል ጋር ያዛመደ ንግግር አድርጎ ብዙ ሰው አስቆጥቷል። ምሁራኑ እስከ ዛሬ ስለ ፍልስፍናው ይከራከራሉ። የወይን ዘለላውን ፍሬ በፍሬ፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ በጠቀለለችው ጥጥ ስታጸዳ የፋሲካ ዋዜማን ያመሸች ሴት ግን ሰውየውን ሳታነበው ትረዳዋለች። ይግባኝ አያስፈልግም፤ ወንጀል ነው።

ከእግሮቹ ሁሉ የምወደው የተጠማዘዘውን ነው። እንግሊዞች በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ይወዱት ነበር፤ ከዚያ ተረስቶ እ.ኤ.አ. ከ1910ዎቹ እስከ 1930ዎቹ ባሉት ዓመታት ተመልሶ መጣ። በእጅ ሲሠራ አድካሚ ነው። እንጨቱን መጀመሪያ በቶርኖ ያድበለብሉታል፤ ከዚያ ዙሪያውን በእርሳስ ጠምዝመው ያሰምሩና መስመሩን ተከትለው በመጋዝ ይከፍቱታል፤ ቀሪውን በመሮና በሞረድ ያወርዱታል። ጥንቁቅ ባለሙያ የቀኙን እግር ወደ አንድ ወገን፣ የግራውን ወደ ሌላው ያዞረዋል፤ ፊት ለፊት ስታዩዋቸው ይተያያሉ። የችኮላው ሥራ ግን ብዙ ጊዜ አራቱንም ወደ አንድ ጎን ይጠመዝዛቸዋል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ ከመሬት አይነሳም። ሰፈር ውስጥ «አንገቷን የደፋች፣ ጨዋ» መባል ጀምሬያለሁ።

መሐሉ ላይ ተነፍቶ ሐብሐብ ያህል የሚሆነውም እግር አለ። የቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን ነገር ነው፤ እንግሊዞች በ1920ዎቹና በ30ዎቹ በየፋብሪካው አባዙት። ሆዱ ወጥ እንጨት እንዳይመስላችሁ። ብዙ ጊዜ ቀጭን ቋሚ ይወሰድና በአራቱም ጎን ቁራጭ እንጨት በኮላ ተለጥፎበት ነው ቶርኖ ላይ የሚወጣው። ቀረብ ብላችሁ ብታዩት የተገጠመበት መስመር ይታያል። ይህን አንድ ጎረቤት ቤት ስናወራ አባወራው ሶፋው ላይ ተንጋለው ነበር። ሆዳቸውን ዳበስ አደረጉና፣ «የእኔ ግን ወጥ ሥራ ነው» አሉ። ሚስትየው በኩራት ፈገግ አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ሐሜት ልምጣ። ዕድሜ የምንዋሸው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ጠረጴዛው ራሱ ሲወለድ ዋሽቶ ነው የተወለደው። በ1920ዎቹ ለንደን ዳርቻ አዲስ ቤት የገዛ የባንክ ጸሐፊ ምን ዓይነት ጠረጴዛ ነበር የሚያምረው? ሦስት መቶ ዓመት የቆየ የመኳንንት ጠረጴዛ። መኳንንቱ አይሸጡለትም፤ ቢሸጡለትም አይችለውም። ስለዚህ ፋብሪካው ትናንት የተቆረጠውን ኦክ ያጠቁርለታል፤ ጠርዙን የሦስት ትውልድ ክርን የበላው እስኪመስል ያሽለታል፤ እግሩን ከድሮ ሥዕል ይቀዳለታል። ኦክን የማጥቆሪያው አንዱ ዘዴ ዝግ ክፍል ውስጥ በአሞኒያ ትነት ማጠን ነበር። ከከብት በረት የሚወጣው፣ ዓይን የሚያስለቅሰው ያው አሞኒያ። ጎረቤቶቼ «የዘመን ጥቁረት ነው» ብለው በጣታቸው የሚዳስሱት አንዳንዱ ጥቁረት እንግዲህ ከዚያ የመጣ ነው።

አሜሪካኖቹ ደግሞ ነገሩን አቀላጠፉት። ሚቺጋን ውስጥ ግራንድ ራፒድስ የምትባል ከተማ አለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1876ቱ የፊላዴልፊያ ኤግዚቢሽን ወዲህ በቤት ዕቃ ስሟ ገነነ። በዚያ ዘመን የመፈልፈያ ማሽን አንድ ሰው አንዱን ሞዴል በመሪው ሲከተል፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ መፈልፈያዎች ያንኑ አበባ በብዙ እንጨት ላይ እኩል ያወጡታል። ከዚያ የባሰም ነበር፤ እንጨቱን በጋለ ብረት ጨቁኖ ቅርጹን ማተም። አልተፈለፈለም፤ ማኅተም ነው የተመታበት። የታተመውን ለመለየት ቀላል ነው፤ የአበባው ጫፍ ስለት የለውም፣ ጣታችሁ ላይ አይያዝም፣ ጥልቀቱም ሁሉም ቦታ አንድ ነው። በእጅ የተሠራውን ስትዳስሱ አንዷ ጽጌረዳ ወፈር ትላለች፣ አንዷ ጠበብ፤ ጠራቢው ምሳ ሰዓት የደረሰበት ቅጠል ሁሉ ይታወቃል።

እኛ ታዲያ ይህንኑ ነው የምንነቅፈው። አንድ ወጣት እንጨት ሠሪ ወር ሙሉ ተጎንብሶ በመሮ ያወጣውን ቅጠል ለደንበኛው ሲያስረክብ አይቻለሁ። ደንበኛው አገላብጦ አየና «ይቺኛዋ ከዚያኛዋ ጋር እኩል አይደለችም፤ የእጅ ሥራ አስመሰልከው እኮ!» አለው።

የአንድ ጠረጴዛ እውነት ያለው ከስሩ ነው። ላይ ላዩ ሁሉም መስፍን ነው፤ ስሩ ሲታይ ግን የመጋዙ ጥርስ መስመር፣ ያልተላገው ሻካራ እንጨት፣ የኮላው ፍሳሽ፣ የተሰካው ቪቴ ሁሉንም ይናገራሉ። የእኛ ሰፈር ይህን ከሰማ ወዲህ ማኅበር በተጠጣ ቁጥር እንግዳው ግማሹ ወንበር ላይ፣ ግማሹ ጠረጴዛ ስር ነው። የስልካቸውን መብራት አብርተው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው በእንብርክክ ይገባሉ። ባለፈው እኔም ገብቼ ነበር፤ አጠገቤ የነበሩት የንስሐ አባቱ ናቸው።

በዚያ ቀን ነው የምኒልክ ነው ከሚባለው ጠረጴዛ ስር መስቀልማ ራስ ያለው ቪቴ የተገኘው። ይህ ቪቴ አሜሪካዊው ሄንሪ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ለገበያ ያበቃው ነው። ምኒልክ ያረፉት 1906 ዓ.ም. ነው። የድሮው ቪቴ ራሱ ላይ ያለችው አንዲት ቀጥ ያለች መስመር ብቻ ናት። ቤቱ ጸጥ አለ። ሁሉም ዓይኑን ባለቤቲቱ ላይ ተከለ። እሳቸው ግን ጀበናውን እንኳ ከእጃቸው አላስቀመጡም። «ምኒልክ እኮ አዲስ ነገር ወዳድ ናቸው! ስልኩን ማን አስገባ? መኪናውን ማን አስገባ? ቪቴውንም ቀድመው አስገብተውት ይሆናል» አሉና ሁለተኛውን ቀዱ።

ደግሞ ይህን ሁሉ የምንሟገትለት ጠረጴዛ ማንም አይቶት አያውቅም። መጀመሪያ ሳንቃው ላይ ብርድ ልብስ ቢጤ ይነጠፋል፣ እንዳይቧጨር። ከዚያ የጠረጴዛ ልብስ፣ ብርድ ልብሱ እንዳይታይ። ከዚያ የባለቤቲቱ የኪሮሽ ዳንቴል፣ ልጅ እያሉ የሠሩት ስለሆነ። ከዚያ ዳንቴሉ እንዳይቆሽሽ ላስቲክ። ላስቲኩ ላይ ሳህን እንዳይቀመጥ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ። እንግሊዛዊው መርከበኛ ደራሲ ካፒቴን ፍሬድሪክ ማሪያት እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው የአሜሪካ ማስታወሻው፣ አንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ውስጥ የፒያኖው እግሮች ለጨዋነት ሲባል ሱሪ ለብሰው አየሁ ብሎ ጽፏል። እውነት ይሁን ቀልድ እስካሁን ያከራክራል። ማሪያት በእኛ ሳሎን ቢያልፍ ኖሮ መጽሐፉ አንድ ቅጽ ይጨምር ነበር፤ እኛ ለጠረጴዛ ሱሪ ብቻ ሳይሆን ጋቢና የዝናብ ካፖርት ጭምር ነው የምናለብሰው።

ይህ ልብስ ያመጣውን ጣጣ ልንገራችሁ። አንድ ዘመዴ ቤት ከወላጆቿ የወረሰችው የኦክ ጠረጴዛ አለ፤ ስድስት ሰው ይበቃዋል። ቤተሰቡ ግን ስድስት ሆኖ አያውቅም። በዓል በመጣ ቁጥር ልጆቹ መሬት፣ አክስቶቹ አልጋ ላይ፣ አጎቱ በረንዳ። እንዲህ ሲሉ አንድ ትውልድ አለፈ። በቀደም ቀለም ሊቀባ የመጣው ልጅ ጠረጴዛውን ገፋ ለማድረግ ሳንቃውን ከስሩ ይዞ ሲጎትት፣ እንጨት ከእንጨት ሥር እየተንሸራተተ ወጣ። በሌላውም ጎን ጎተተ፤ ወጣ። ያን ጊዜ የላይኛው ሳንቃ ዝቅ ብሎ ከሁለቱ ጋር እኩል ሆነ። ድሮ እጅግ የተለመደ አሠራር ነው፤ ሁለቱ ተጨማሪ ሳንቃዎች ከዋናው ስር ተደብቀው ይኖራሉ፣ ሲጎተቱ ጠረጴዛው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። አሥር ሰው ይቀመጥበታል። ዘመዴ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። ከዚያ ቶሎ ብላ ሳንቃዎቹን ወደ ቦታቸው መለሰች፣ ዳንቴሉን አለበሰች፣ ላስቲኩን ደረበች፤ ወደ እኔ ዞራ፣ «በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ለዘመድ እንዳትነግሪ!» አለችኝ።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ጠረጴዛዎቹ ሁሉ ልብሳቸውን ጥለው ደጅ ወጡ። ሰው ሲነሳ ሳሎኑ አብሮት ይነሳልና። አንድ መንገድ ዳር ሦስት ጎረቤታሞች ዕቃቸውን አውጥተው መኪና ሲጠብቁ ደረስኩ። ሦስቱም ዘንድ «ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለተኛ የለውም» የሚባል ጠረጴዛ እንዳለ ዘመን ሙሉ ሰምቻለሁ። ሦስቱም ሁለተኛ የሌላቸው ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንድ ዓይነት ናቸው። ጽጌረዳዋ ሦስቱም ላይ አንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ተንጋዳለች። ባለቤቶቹ ጥቂት ተያዩ። ከዚያ አንደኛዋ፣ «የእኔ ዋናው ነው» አለች።

ኮንዶሚኒየም ሲደረስ ደግሞ የዘር ቆጠራው ተገላበጠ። የደረቀ ኦክ አንዱ ሜትር ኪዩብ 700 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ፣ ሦስት ሳንቲም የወፈረ ሳንቃ ብቻውን ከ40 ኪሎ በላይ ነው። እግሩንና አንበሳውን ጨምሩበት። መድረሻው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም፣ ደረጃው ሲታጠፍ ሰው ራሱ በጎን ነው የሚያልፈው። ጫኝና አውራጆቹ ጠረጴዛውን ዞረው አዩት፣ አንዱ ጫፉን በእግሩ ነካ አደረገና፣ «ይሄ የጥንት ነው መሰለኝ፤ ጭማሪ አለው» አለ። ዕድሜ ልካቸውን ጣይቱ በጡጫ መቱት ሲሉ የኖሩት እናት ወዲያው ቀደሙት፦ «ኧረ ምን የጥንት ነው ልጄ! ቺፑድ ነው እኮ!»

እኔ ቤት ያለችውን ትንሽ ክብ ጠረጴዛ የሚያውቁ ሰዎች ይህን ሲያነቡ ይስቁ ይሆናል። ይሳቁ። «የአያቴ ናት» እላለሁ፤ ውሸት የለበትም። የሸጠልኝ ሰው «የአያቴ ናት» ብሎ ነው የሸጠልኝ፤ እኔም ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የማስተላልፈው። ምግብ ግን አልበላባትም። እንደማንኛውም ክርስቲያን ቴሌቪዥኑ ፊት ትሪ ጭኔ ላይ አድርጌ እበላለሁ፣ እሷን ደግሞ ከሩቅ አያታለሁ። ትኩስ ነገር የሚያስቀምጥባት እንግዳ ላይ የምጮኸው ጩኸት ጎረቤት ይቀሰቅሳል።

እሷን የሚያጅብ ትልቅ የምግብ ጠረጴዛ አማረኝና ሰሞኑን አንድ እንጨት ቤት ገባሁ። ልጁ መሬት ላይ ተቀምጦ መሮውን እየሳለ ነበር። የተጠማዘዘ እግር፣ ጫፉ ላይ ጥፍር፣ ዙሪያውን ቅጠል አልኩት። ቀኙ ወደ ቀኝ፣ ግራው ወደ ግራ ይዙር አልኩት። ሁሉንም ጻፈ። ዋንዛ እንደ ልብ እንደማይገኝ ነገረኝ፤ ተስማማን። ወደ ዋጋው ከመግባታችን በፊት እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና፣ «እትዬ፣ የማን ዘመን ይሁንልዎት?» አለኝ።

«እንዴት ማለትህ ነው?»

«የምኒልክ አለ፣ የጃንሆይ አለ። የምኒልኩ ቫርኒሹ ይበዛል፣ ጠርዙ መታሸት አለበት፣ ትንሽ ነቀዝ የበላውም መምሰል ስላለበት በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ቀዳዳ እናደርገዋለን። ዋጋው ከፍ ይላል።»

የእውነተኛ ነቀዝ መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ ቀጥ ብሎ የገባ ቀዳዳ የመሰርሰሪያ መሆኑን ማንም ያውቃል ልለው ብዬ ተውኩት። ባለሙያ ነው፣ ያውቃል። ቦርሳዬን ከፍቼ ያለኝን ቆጠርኩ። ለምኒልክ አይበቃም፤ ጃንሆይ ደግሞ ለእኛ ሰፈር ትንሽ ቅርብ ናቸው።

«መሐሉን እንያዝ» አልኩት። «የዘውዲቱ ይሁን።»

«የዘውዲቱ ከሆነ ቀዳዳው ግማሽ ነው» አለኝና ቀብዱን ተቀበለኝ።